“የሩቅ ሰው” ያሸነፈው የስፌት መኪና

ምራቴ የስፌት መኪናውን በጎኑ አስተኝታ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሆዱን ትፈገፍጋለች። ብሩሹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከር፣ ፈግፈግ፣ በጨርቅ ጠረግ፣ ደግሞ ነከር። ከመርፌው ሥር ጨርቁን ወደፊት የሚገፉ ትናንሽ ጥርሶች አሉ። በእነዚያ ጥርሶች መሃል ተጠቅጥቆ የቆየውን የስንት ዘመን ብናኝ በወረንጦ እየጎተተች ታወጣና መስኮቱ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች፤ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ከዚያ ብዙ ነጭ።

“እማማ፣ እነዚህ ሰዎች ልጅ ድረዋል” ትለኛለች።

“በምን አወቅሽ?”

“ነጩ በዝቷላ። ከነጩ ላይ ደግሞ ቢጫ ለስላሳ ክር አለ። የልጅ ልጅም አይተዋል።”

ምራቴ እንደዚህ ናት። የሰው ዕቃ ስትፈታ የሰውን ቤት ወሬም አብራ ትፈታለች። እኔ በሩ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ሆኜ አያታለሁ፤ ማየት ሥራ ከሆነ የኔ ሥራ እሱ ነው።

ጎረቤቶቻችን “መካኒኳ” ይሏታል። የምትሠራባት ክፍል ከቤታችን ጀርባ ያለች፣ ድሮ ብስክሌት እናስቀምጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ። መኪኖቹ ጨርቅ ለብሰው ሲደረደሩበት የተኙ ሕፃናት ይመስላሉ። እኔማ ስገባ ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ወደዚህ ሥራ የገባችው ከፋብሪካ ወጥታ ነው። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ስድስቱንም ዓመት የሰፋችው የግራ እጅጌ ብቻ ነው።

“ሙሉ ሸሚዝ አይቼ አላውቅም” ትላለች። “ቀኙን የምትሰፋዋ ሴትዮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ቤት ሰልፍ ላይ ተገናኘንና ልንተቃቀፍ ምንም አልቀረንም።”

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። በስንብቷ ቀን ግቢው ጥግ የተጣለ አንድ የዛገ መኪና ስጡኝ ብላ፣ ተሸክማ መጣች። መዘውሩ አልዞር ብሎ ስንት ጊዜ ታገለችው። በመጨረሻ ሲዞርላት ልጄ፣ ባሏ ማለቴ ነው፣ ለቀልድ ብሎ ፎቶ አንስቶ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አወጣው። አንድ የማናውቀው ሰው ዋጋ ጠራ፣ ሌላው ጨመረበት፣ ሳምንቱ ሲያልቅ የመጨረሻውን የጠራው ወሰደው። ምራቴ ያን ዕለት የግራ እጅጌን ከልቧ አወጣችው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ሰው የጣለውን ትገዛለች፣ ታድሳለች፣ ጨረታ ላይ ታወጣለች፣ በእንጨት ሳጥን አሽጋ በፖስታ ቤት ትልካለች። የራሷ ልማድም አላት። መኪናውን ስትልክ ጨርቅ በሚረግጠው ትንሽ እግሩ ሥር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ትተዋለች፤ በዚያው መኪና የተሰፋች፣ መርፌው እንደተወጋባት። ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት መኪናው ሥራ ላይ እንዳለ ያገኘዋል። ሰዎች ያቺን ጨርቅ ይወዷታል። አንዱ “ጨርቋን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፤ መኪናውን ግን ገና አልነካሁትም” ብሎ ጽፎላታል።

ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እጇ ሁልጊዜ ዘይት ስለሆነ ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ከእነሱ ጎን ተቀምጬ ነውና ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ምራቴ ቀስ ማለቴን ትወደዋለች። መጥፎ ወሬ ሲመጣ ለመቀመጥ ጊዜ ይሰጣል ትላለች።

መጥፎ ወሬም አልጠፋ። የጨረታው ድርጅት ደብዳቤ ሁሌም ሲጀምር ማር ነው። “ውድ ሻጫችን፣ እርስዎን ይበልጥ በተሻለ ሁኔታ ለማገልገል…” ብዬ ገና ሳልጨርስ፣ ምራቴ ከመኪናው ቀና ሳትል፣

“ስንት አሉ?” ትላለች።

መጀመሪያ ኮሚሽኑን ጨመሩ። ቀጥሎ ለፎቶ ማስከፈል ጀመሩ። ቀጥሎ ገዢው ዕቃው ደርሶኛል እስኪል ድረስ ገንዘቡን እኛው ጋ እናቆየዋለን አሉ። ቀጥሎ ደግሞ ሻጭ ስለ ገዢ ክፉ መጻፍ አይችልም የሚል ሕግ መጣ።

“ገባኝ” አለች ምራቴ። “እሱ እኔን ሰነፍ ናት ማለት ይችላል። እኔ እሱን ጎበዝ ነው ከማለት በቀር አፌ ተሰፍቷል።”

ከዚያ ማስታወቂያ የሚሉት መጣ። ተጨማሪ ካልከፈልሽ ዕቃሽ ከኋላ ይቀመጣል፣ ማንም አያየውም። ምራቴ ይህን ስትሰማ ብሩሹን አስቀመጠች። “ሱቅ ተከራየሁ እንበል። ኪራዩን ከፈልኩ። አሁን ባለቤቱ መጥቶ፣ በሩ እንዲከፈት ከፈለግሽ ሌላ ክፈይ ነው የሚለኝ። እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል?”

“በሩን ነቅዬ እወስዳለሁ” አልኳት። ሳቀች።

በየጊዜው ገጹንም ይለዋውጡታል። የለመድነው ቦታ ሄደን ስንነካው ሌላ ነገር ይከፈታል። አንድ ጊዜ መኪና ልትሸጥ ገብታ፣ እንዴት እንደሆነ ሳናውቅ፣ የዓሣ ማስቀመጫ ልትገዛ ምንም አልቀራትም ነበር።

ይህን ሁሉ እያጉረመረመችም ቢሆን ችላው ነበር። ያላስቻላት የመጨረሻው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ደብዳቤው መጣ። ከእንግዲህ ኮሚሽኑ በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በማጓጓዣውም ላይ ይታሰባል ይላል።

ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

“የፖስታ ቤቱን ገንዘብ ነው የሚሉት?”

“እንደዚያ ይላል።”

“እኔ'ኮ ላባ አይደለም የምሸጠው። ብረት ነው። የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ማለት የአንድ ጎረምሳ ክብደት ነው። ፖስታ ቤት ድረስ ባሌ ባንዱ ጫፍ፣ እኔ ባንዱ ጫፍ ይዘን ነው የምንሄደው። እነሱ በየትኛው ጫፍ ያዙልኝና ነው?”

እዚያው ተቀምጣ አሰበችው። ቀላል ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእሷ ግን ከማጓጓዣው የሚቆርጡት የድካሟን ዋጋ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የፋብሪካው የቀድሞ አለቃዋ ስልክ ደወለች። ሥራ እንደገና ሰፍቷል፣ ቦታሽ አለ፣ ወሩ ሳያልቅ መልስ ስጪኝ አለቻት።

“የቱ ቦታ?” አለች ምራቴ።

“ያው የድሮሽ።”

ማታ እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ብዙ አይናገርም፤ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ስለሚጮህበት ቤት ሲገባ ጆሮው ያርፋል። “ፋብሪካ አትገቢም” አለ።

“ታዲያ አንተ ትሰፋልኛለህ?”

እሷው ቀጠለች፦ “ስማኝ። ትልቁን መኪና አወጣዋለሁ። እሱ በደህና ዋጋ ከወጣ፣ ከነቆረጣውም ቢሆን ሥራው ያዋጣል ማለት ነው፣ እቀጥላለሁ። ካልወጣ ግን ክፍሉን ለብስክሌቶቹ እመልሳለሁ።”

ትልቁ መኪና ማለት የብረት እግር፣ ፔዳል፣ በሁለቱም ጎን መሳቢያ ያለው፣ ራሱ ወደ ጠረጴዛው ውስጥ የሚታጠፍ ነው። ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት መጋዘን ሲመጣ የእርግብ ኩስ ብቻ ነበር። ወራት ፈጀባት። ቺንጋውን አዲስ አደረገች፣ እንጨቱን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰች፣ የመሳቢያዎቹን እጀታ ሳይቀር ወለወለች። ሲሰፋ ድምፁ ዝናብ በሩቅ ሲዘንብ ይመስላል። ፎቶ አነሳችና ከዝቅተኛ ዋጋ ጀምራ ጨረታ ላይ አወጣችው። በሩ እንዲከፈትም ከፈለች።

መጀመሪያ አካባቢ ማንም አልመጣም። ከዚያ አንዲት ሴት “ወፍራም መጋረጃ ይሰፋል?” ብላ ጠየቀች። ምራቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት የራሳችንን የሳሎን መጋረጃ አውርዳ ጫፉን በአራት አጥፋ ሰፋችበትና ፎቶውን ላከችላት። ሴትየዋ ዋጋ ጠራች። አንድ ሰው ብቻ። ከዚያ ጸጥ።

ልጄ በየማታው ጫማውን ሳያወልቅ “ተጨመረ?” ይላል።

“አልተጨመረም።”

ረቡዕ ግን ስልኩን ከፍቼ ባየው፣ “የሩቅ ሰው” የሚል ስም ያለው ገዢ ጨምሯል። ሐሙስ “እመቤት” የምትባል ጨመረች። ዓርብ የሩቅ ሰው። ቅዳሜ እመቤት። መጋረጃ የምትሰፋዋ ሴት አንዴ ሞከረችና ተወችው። ምራቴ እየሠራች መዝፈን ጀመረች፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ዘፈነች።

ጨረታው የሚያልቀው እሑድ በምሳ ሰዓት ነበር። እሑድ እሑድ ታላቅ እህቷ እኛ ጋ ነው የምትበላው። መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለታመመ ሰው ቀስ ብላ ስታወራ ውላ ድምፅዋን ለኛ ታስቀምጥልናለች። ስልኩን ከውኃ ማንቆርቆሪያው ጋር አስደግፈን ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን።

“የሩቅ ሰው ጨመረ” አልኩ።

ምራቴ ሹካዋን አስቀመጠች። “ይሄ ሰውዬ ይባረክ።”

“እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አልወድም” አለች እህቷ። “ደረቅ ነው።”

“ምን አደረገሽ እትዬ? ገዢዬ'ኮ ነው።”

“ምንም። ሌላም ሰው ይግዛ ብዬ ነው እንጂ።” ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መሐረብ የምትፈልግ መስላ አቀረቀረች።

“እመቤት ጨመረች” አልኩ።

ልጄን ሳል ያዘው። አንድ እጁ ከጠረጴዛው በታች ነበር። እኔ ከጎኑ ነኝ፤ አውራ ጣቱ ስትንቀሳቀስ አየኋት።

“የሩቅ ሰው ጨመረ።”

እህቷ መሐረቡን አሁንም አላገኘችውም።

“እመቤት ጨመረች።”

“ሾርባው ይቀዘቅዛል” አለ ልጄ፤ ሾርባ አልነበረም።

“የሩቅ ሰው ጨመረ። አለቀ ልጆች። የሩቅ ሰው አሸነፈ።”

ምራቴ ተነስታ እኔን ሳመችኝ፣ እህቷን ሳመች፣ ባሏን ሳመች። ልጄ ፊቱ በርቷል። እህቷ ግን ቦርሳዋን ቀጭ አድርጋ ዘጋችና ኪሷን እንደተሰረቀች ሰው ኩርፍ አለች። ብዙም ሳይቆይ የገዢው አድራሻ መጣ፤ ምራቴ እጇን ታጥባ ስለነበር ራሷ አነበበችው።

“የአውቶቡስ ድርጅት፣ ጋራዥ ቁጥር ሁለት።” ባሏን አየችው። “ያንተ ጋራዥ አይደለም እንዴ?”

“ይመስላል” አለ ልጄ፣ ብርጭቆው ውስጥ እያየ።

“ጋራዥ የስፌት መኪና ምን ያደርግለታል?”

“ወንበር ይቀደዳል'ኮ።”

“እውነት ነው” አለች ምራቴ፣ አሳዝኗት። “ወንበሩ ሁሉ ተቀዷል። ታውቃቸዋለህ ሰዎቹን?”

“ጥሩ ሰዎች ናቸው።”

“ቆይ፣ ቆይ” አለች እህቷ፤ አሁን ድምፅዋ ለኛ የተቀመጠው ነበር። “ለአውቶቡስ ወንበር ነው ይሄ ሰውዬ እኔን ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ሲያስጨምረኝ የከረመው?”

ልጄ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“ምን አስጨመረሽ እትዬ?” አለች ምራቴ።

እህቷ ወደ ኋላ የምትልበት ቦታ አልነበራትም። “እመቤት እኔ ነኝ” አለች። “ምን ላድርግ? አንድ ሰው ብቻ ነበር የጠራው። ፋብሪካ ከምትገቢ ብዬ ነው።”

“ገዝተሽ ምን ልታደርጊው? መርፌ ላይ ክር ማስገባት አትችዪም'ኮ።”

“እቤቴ ትንሽ አቆየውና ተበላሸ ብዬ አንቺው ጋ ላሠራው አመጣዋለሁ ብዬ ነበር። ለጥገናውም እከፍልሻለሁ።”

ልጄ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሳቁ ሲመጣ ምራቴ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች፣ ከዚያ ከጠረጴዛው በታች ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየች።

“አንተ ነህ የሩቅ ሰው?”

“ሩቅ እንዲመስል ብዬ ነው” አለ።

“ሚስትህ የጠገነችውን መኪና በራስህ ደሞዝ ገዝተህ፣ ከመሃል ለእነዚያ ኮሚሽን ከፍለህ፣ ጋራዥ ድረስ በፖስታ አስልከህ፣ ከዚያ በጀርባህ ተሸክመህ ወደዚሁ ቤት ልትመልሰው ነበር?”

“ጀርባውን አላሰብኩበትም።”

እህቷ፣ “አንተ ደረቅ” ብላ ናፕኪን ወረወረችበት። ምራቴ ከሳቅ የተነሳ ወንበሩን ይዛ ቆመች። እኔም የሳቅኩት ሳቅ እስከ ዛሬ ጎኔን ያመኛል። ያ ምሳ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር።

በማግስቱ ግን ደብዳቤ መጣ። እጇ ዘይት ነበር፣ እኔ ከፈትኩት። “ውድ ሻጫችን” ብዬ ጀመርኩና ቀጣዩን መስመር ሳየው ቆምኩ።

“ስንት አሉ?” አለች።

“ገንዘብ አይደለም ልጄ” አልኳት።

ሁለቱም ገዢዎች ከእኛው ቤት መስመር ሲጫረቱ ድርጅቱ አይቷል። እህቷም እሑድ ስልኳን ከቤታችን ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ ነበርና። የሻጭ ዘመድ ዋጋ ማስጨመር ማጭበርበር ነው፤ ስለዚህ ጨረታው ተሰርዟል፣ የሻጭነት ገጿ ለአንድ ወር ታግዷል፣ የተከፈለው የማስታወቂያ ክፍያ አይመለስም ይላል። ሕጉስ ልክ ነው፤ ሌላው ሰው እንዲህ ቢያደርግ እኛም እንከፋ ነበር። ነገር ግን ገጹ ሲታገድ ገዢዎች ለዓመታት የጻፉላት ምስጋና ሁሉ አብሮ ተሸፈነ። የፋብሪካዋ አለቃ መልስ የምትጠብቅበት ወር ሊያልቅ ደግሞ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

ይግባኝ ጻፍን። እሷ እየነገረችኝ እኔ ፊደሎቹን እየነካሁ፣ እውነቱን ሁሉ ጻፍን፤ ባልየው እንደሚወዳት፣ እህትየው እንደምትሳሳላት፣ አንዳቸው የሌላውን እንዳላወቁ። ወዲያው መልስ መጣ። “መልእክትዎ ደርሶናል። አገልግሎታችንን በስንት ኮከብ ይመዝኑታል?” እንደገና ጻፍን። እንደገና ኮከብ ጠየቁን።

ማክሰኞ ዕለት ምራቴ የድሮ የፋብሪካ ሽርጧን ከሳጥን አውጥታ አጥባ ሰጣችው። ልጄ ከሥራ ሲገባ ሽርጡን ገመዱ ላይ አየው። ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ እንደሚያይ ሰው ቆሞ አየው። ሄዶ ሳሎን ውስጥ በሩቅ ሰው ስም የከፈተውን ገጽ አጠፋ።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች፣ ከደረጃው የተነሳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

“የስፌት መኪና የምትጠግነው ልጅ ቤት ይሄ ነው?”

“ነው። ግቢ፣ አረፍ በይ።”

“ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ መኪና ልካልኝ ነበር። ሳጥኑን ክር አስቀምጥበታለሁ፣ የላኪው አድራሻ ያለው እሱ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ትልቁን መኪና እየተጫረትኩ ሁለት እብዶች መጡብኝ፣ ተውኩት። በማግስቱ ብከፍተው ጨረታው ጠፍቷል፣ እሷም ጠፍታለች። ምን ሆነች ብዬ ነው የመጣሁት።”

“እብዶቹን አውቃቸዋለሁ” አልኳት። “አንደኛው ልጄ ነው።”

ስቃ እስክትጨርስ ጠብቄ ወደ ጀርባው ክፍል ወሰድኳት። ምራቴ አቀርቅራ መሣሪያዎቿን በሳጥን እያስገባች ነበር። ሴትየዋ ብዙ አላወራችም። ትልቁን መኪና ዞረችው፣ መሳቢያውን ሳበች፣ ተቀምጣ ፔዳሉ ላይ እግሯን አደረገች፣ መጋረጃዋን አጥፋ ከመርፌው ሥር አስገባች። ያ የሩቅ ዝናብ ድምፅ መጣ። እስከ ጫፍ ሰፋችና ስፌቱን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

“በፎቶ ስገዛ ይሄን ማድረግ አልችልም” አለች። “እንዴት ነው የምትሰጪኝ?”

“እብዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ባልሽው” አለች ምራቴ።

“ያንንማ ማጓጓዣውን ፈርቼ ዝቅ አድርጌ ነው የጠራሁት። ማጓጓዣ የለም አሁን። ወንድሜ የዕቃ መኪና አለው። ልጨምርልሽ።”

“አትጨምሪ። እኔም ኮሚሽን የለብኝም።”

“እንዴት አልጨምርም?”

“እማማ፣ ኧረ ይፍረዱን” አለች ምራቴ።

ሻጭ ልቀንስ፣ ገዢ ልጨምር እያሉ ሲጣሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መሃሉን ያዙ አልኳቸው። ያ መሃል ለምራቴ ከጨረታው ይደርሳት ከነበረው ይበልጥ ነበር፣ ለሴትየዋም ትከፍለው ከነበረው ያንስ ነበር። ሁለቱ ተያዩ፤ በሁለቱ መካከል ቆሞ ሲበላ የኖረው ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታያቸው።

ሴትየዋ ስትወጣ መደርደሪያውን አየች። “እነዚህንስ? እኔ ጋ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች አሉ። ከጎናችን ደግሞ ጃንጥላ የሚጠግን ሰው አለ። ቅዳሜ ይዣቸው ልምጣ?”

ይህን ከደጃፉ ሆኖ የሰማው ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ እሱ የማይሰማው የለም። “ብዙ ሰው ከመጣና ዕቃው ትንሽ ከሆነ ጨረታ ነው የሚያዋጣችሁ” አለ። “እኔ እጠራላችኋለሁ። ድምፅ አለኝ።”

ቅዳሜ ግቢው ሞላ። ጸጉር አስተካካዩ ነጭ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ወንበር ላይ ወጣ። መጀመሪያ ያወጀው ሕጉን ነው፦ “የሻጭ ባል፣ እህት፣ አማት መጫረት ክልክል ነው። ባልየው እጁን ኪሱ ውስጥ ያደርጋል።” ልጄ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መሃል ላይ ጆሮውን በላውና እጁን ሲያወጣ ጸጉር አስተካካዩ ጨረታውን አቁሞ፣ “አውርድ፣ አውርድ፣ አንተን እናውቅሃለን” አለው፤ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሰዎች መዘውር እያዞሩ፣ ይዘው የመጡትን ጨርቅ እየሰፉ ገዙ። ጃንጥላ ጠጋኙ በእጅ የምትዞረዋን ትንሿን መኪና አቅፎ ሲወጣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣ አባት ይመስል ነበር።

ምራቴ ሁሉም ከሄደ በኋላ ባዶው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ለአለቃዋ ስትደውል ሰማኋት። “አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው” አለቻት። “ግን የግራ እጅጌውን ሌላ ሰው ይስፋው።”

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግቢያችን ጨረታ አለ። የታገደው ገጿም ተከፍቶላታል፤ እንደ ክር ማጠንጠኛ፣ እንደ ብሎን ያሉ ኪስ የሚገቡ ዕቃዎችን በዚያ ትሸጣለች። ክፍያው አሁንም ይጨምራል፣ እሷም አሁንም ታጉረመርማለች። እህቷ አሁን የምታገለግለው በር ላይ ቆማ ሰው በማስገባት ነው፤ ድምፅዋን የሚመጥን ሥራ አገኘች።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶናል። መደርደሪያው ባዶ እየሆነ ነው፤ ምራቴ የምትጠግነው መኪና አጥሯታል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአልጋችሁ ሥር፣ ከመጋዘናችሁ ጥግ፣ አበባ የምታስቀምጡበት ሆኖ የቀረ የእናታችሁ የስፌት መኪና ካለ፣ ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ አትስጡት። ጨርቁን ግለጡና መዘውሩን ወደ ራሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አልዞር ካለ አትታገሉት፣ በመዶሻም አትንኩት። ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርጉበትና እንዳለ ተዉት። ከዚያ ወደኛ አምጡት፤ ጥርሶቹ መሃል ያለውን ብናኝ ግን እባካችሁ አትጥረጉት፤ እሱን ማንበብ የምትወድ ልጅ አለችኝ።